ከፍርስራሹ ስር የወጣው ማሽን

ፈዲላ የምትተዳደረው የሰው ልብስ እያጠበች ነበር። ባሏ ኢዘዲን ደግሞ ሐርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ፣ ከገንዘብ መንዛሪዎቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ቦታ ተቀምጦ ካውያ፣ ሬዲዮና ቬንትሌተር ይጠግን ነበር። ሁለቱም የድሬዳዋ ልጆች ናቸው። ኢዘዲን ሙያውን የቀሰመው እዚያው ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ በተለማማጅነት ነው። ሥራው ሲቀዛቀዝ፣ ሐርጌሳ ውስጥ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ እየተሠራ ነው ሲሉ ሰማና ሚስቱን ይዞ ድንበር ተሻገረ። የሰማው ውሸት አልነበረም። በቦምብ የፈረሰችው ከተማ ሰዎቿ ከሐርተሼክ የስደተኞች ጣቢያ እየተመለሱ፣ የወደቀውን ድንጋይ እየለቀሙ መልሰው ግድግዳ ያቆሙ ነበር። ሥራ አለ። ከሌላ አገር ለመጣ ሰው የሚተርፈው ግን ባለአገሩ የማይፈልገው ሥራ ነበር።

የሚኖሩት መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው። ፈዲላ በሳምንቱ ውስጥ ብዙ ቤት ትዞራለች፤ ብዙውን ቀን የምታሳልፈው ግን ሠላሳ አንድ ሜይ በሚባለው ሰፈር፣ ኢዶ ሹክሪ ቤት ነበር። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሴትዮዋን የሚጠራቸው እንዲያ ነው። ባላቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጆች አልነበሯቸውም፤ ከስደት ተመልሰው የፈረሰ ቤታቸውን ክፍል በክፍል ያሠሩ ነበር። ለፈዲላ ክፉ አልነበሩም። ምሳ ሲበላ አብራ ትቀርባለች፣ ለዒድ ልብስ ይሰጧታል። ሥራው ግን ሥራ ነው። ሳሙናውና በረኪናው የፈዲላን እጅ ልጦት ነበር። ጣቶቿ መታጠፊያ ላይ ተሰነጣጥቀው፣ እንጀራ ስትቆርስ ወጡ እየገባባት ታቃስታለች። ኢዘዲን ያንን ላለማየት ብዙ ጊዜ ሳህኑን ብቻ እያየ ነበር የሚበላው።

አንድ ቀን የቀን ሠራተኞች የኢዶ ሹክሪን የድሮ ማድ ቤት ፍርስራሽ ሲያነሱ፣ ከወደቀው ግድግዳ ስር አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ወጣ። ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ የፊቱ መስታወት እንኳ አልተሰበረም። በጦርነቱ ጊዜ ዘራፊው የቤቱን በርና መስኮት፣ የጣራውን ቆርቆሮ ሳይቀር ነቅሎ ሲወስድ፣ ማሽኑ ግን ድንጋይ ተጭኖት ስለነበር ተረፈ። ኢዶ ሹክሪ መጥተው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። ባላቸው ባሕረኛ ነበሩ፤ ማሽኑን ከዐደን በመርከብ ያመጡላቸው እሳቸው ናቸው። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ወንበር ይዞ እየመጣ ልብሱ ሲዞር ያይ እንደነበር ለፈዲላ አጫወቷት። ባላቸው የተቀበሩት ሐርተሼክ ነው። ከሳቸው እጅ የቀረ ሌላ ዕቃ አልነበረም። ሲጨርሱም፣ ባልሽ መጥቶ ይየው አሏት።

ኢዘዲን መጣ። የጀርባውን ሽፋን በካቻቢቴ ፈትቶ ወደ ውስጥ ሲያይ፣ ዝገቱ ሁሉንም አንድ ላይ አያይዞታል። ይቅርብዎት ሊላቸው ነበር። ኢዶ ሹክሪ ግን በረንዳው ላይ አስቀምጠዋቸው፣ ለሁለቱም ሻይ አስቀድተው፣ አስበው የጨረሱትን ነገር ነገሯቸው። ጎረቤታቸው ባለው የእርዳታ ድርጅት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ሰው ይፈለጋል። ማሽኑ ከተነሳ ያንን ሥራ ይይዛሉ።

«ቤቱና ማሽኑ የኔ ነው፤ ሥራው ያንቺ ነው፤ ጥገናው የባልሽ» አሉ ለፈዲላ። «የሚገኘውን እኩል ነው የምንካፈለው። አላህ ምስክሬ ነው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ፈዲላ መንገዱን ሙሉ ስታወራ ሄደች። ኢዘዲን እንደዚያ ስታወራ ከሰማት ቆይቷል። ማሽኑን አነሳዋለሁ አላላትም፤ ልቡ ግን የወሰነው ያኔውኑ ነው።

ከዚያ መለዋወጫ ፍለጋው ተጀመረ። ከበሮው የሚዞርባቸው ሁለት ኩሽኔታዎች ዝገው እንደ ድንጋይ ደርቀዋል። ጋዝ ውስጥ ነክሮ፣ በመዶሻ ቀስ እያለ መትቶ አወጣቸውና፣ ፊታቸውን በአሸዋ ወረቀት ሲፈገፍግ ቁጥራቸው ወጣ። ያንን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ዋሄንን ዞረ። የማጠቢያ ማሽን ኩሽኔታ አለ ወይ ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም ይስቁበታል፤ ቁጥሩን ሲያሳይ ግን አንድ የጭነት መኪና ዕቃ የሚሸጥ ሽማግሌ ከመደርደሪያው ስር አንስቶ ሰጠው። የመኪና ዲናሞ ላይ የሚገባ ነው፤ ልክክ አለ። ሞተሩን ከከበሮው የሚያገናኘውን ቺንጋም ከመኪና ዕቃ ውስጥ ነው ያገኘው፤ አንዱ ሲረዝም አንዱ ሲያጥር፣ ስንቱን ወስዶ ስንቱን መለሰ። የበሩ ጎማ ግን ጨርሶ የሚገኝ አልሆነም። በመጨረሻ ከጭነት መኪና ካላማዳሪ ቆርጦ፣ ጎሚስታው ዘንድ ወስዶ በእሳት አጣበቀው። መጀመሪያ ሲሞክሩት ውሃው ማድ ቤቱን አጥለቀለቀው። እንደገና ቆረጠ፣ እንደገና አጣበቀ። ገበያው ውስጥ የሚያውቁት ሰዎች ያሾፉበት ጀመር። ደንበኞቹም ካውያቸው በሰዓቱ ስለማይደርስላቸው ወደ ሌላ ጠጋኝ ሄዱ።

ከሁሉም ያቃተው ሰዓቱ ነበር። ሰዓቱ የሚሉት ማሽኑን መቼ ውሃ እንዲያስገባ፣ መቼ እንዲዞር፣ መቼ እንዲደፋ የሚያዘውን ዕቃ ነው። ጥርሶቹ ተበልተዋል። ኢዘዲን ከቆርቆሮ ሊቀርጽለት ሞክሮ አልሆነም። ያን ሰሞን አስማማው የሚባል፣ የጎንደር ሰው፣ ከበርበራ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ሬዲዮውን ሊያሠራ መጣና ችግሩን ሰማ። በርበራ ውስጥ በመርከብ ሊጫን የተከመረ የብረት ቁርጥራጭ እንዳለ፣ ምድጃና ፍሪጅ ሁሉ እዚያ ክምር ውስጥ እንዳየ ነገረው። ኢዘዲን ሱቁን ዘግቶ አብሮት ሄደ።

ወቅቱ በርበራ እሳት የምትተፋበት ነበር። ሰዉ ቀን ቀን ከቤት አይወጣም። ኢዘዲን ራሱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ የጋለውን ብረት እያገላበጠ ፈለገ። መዳፉ በብረቱ ተቃጠለ። አስማማው ውሃ ያመጣለታል፤ ተው አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ማሽን ብለህ ልትሞት ነው እንዴ ይለዋል። ለሰው አይደለም፣ ለፈዲላ ነው አለው ኢዘዲን። በሁለተኛው ቀን ከአንድ የታንክ ሰንሰለት ስር የዚያኑ ዓይነት ማሽን ሬሳ አገኘ። በሩ የለም፣ ከበሮው ተጨፍልቋል፤ ሰዓቱ ግን ደህና ነበር። ጠባቂው ብረት ፈትቼ አልሸጥም፣ ከፈለጋችሁ ሙሉውን ውሰዱ ብሎ አስቸገረ። አስማማው ተከራክሮ፣ ለምኖ፣ በመጨረሻ ሙሉውን መኪናው ላይ ጫኑት። ኢዘዲን ሐርጌሳ ሲደርስ ሬሳውን በታትኖ፣ የሚጠቅመውን ሁሉ ለክፉ ቀን ብሎ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀመጠ።

ማሽኑ የተነሳው ከቀትር በኋላ ነው። ለሰፈሩ መብራት የሚሰጠው የጄኔሬተር ባለቤት በልመና መስመሩን ከሰዓቱ ቀድሞ ለቀቀላቸው። ከበሮው መጀመሪያ አቃሰተ፣ ቆመ፣ ከዚያ ዞረ። ኢዶ ሹክሪ መስታወቱ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ውሃው ሲደፋ ተነሥተው ወጡና ለረጅም ጊዜ ሳይመለሱ ቀሩ። ጎረቤቶቹ እንደ ድሮው ሊያዩ መጡ። ኢዘዲን በሕይወቱ ብዙ ነገር ጠግኗል፤ እንደዚያ ቀን ግን ራሱን እንደ ባለሙያ ቆጥሮ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ደህና ነበሩ። የእንግዳ ማረፊያው አንሶላውን ላከ፤ ሌላም ቤት ተጨመረ። የፈዲላ እጅ ቀስ በቀስ ዳነ። ለዒድ ሐርጌሳ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሂና ተቀባች፤ ድሮ ስንጥቁ ስለሚያቃጥላት ትታው ነበር። ስለ ራሳቸው ማሽን ማውራትም ጀምረው ነበር።

ሳማታር የመጣው በዚህ መሐል ነው። የኢዶ ሹክሪ የወንድም ልጅ ነው፤ ዱባይ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ቤተሰቡን ላቋቁም ብሎ ተመለሰ። መጥፎ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ለወገኑ የሚያስብ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ዴቃ የምትባል ዘመዳቸውን ይዞ መጣ። አባትና እናቷን ያጣች፣ ታናናሾቿን የምታሳድግ ወጣት ናት። ኢዶ ሹክሪ ፈዲላን፣ እያሳየሻት ትርዳሽ አሏት። ፈዲላ ደስ እያላት አሳየቻት። ነጭና ቀለም ያለው እንዴት እንደሚለይ፣ ሰዓቱ የት ላይ እንደሚያዝ፣ በሩ ሲያንጠባጥብ ጎማው በየት በኩል እንደሚገፋ። ዴቃ ቶሎ የሚገባት ልጅ ነበረች። አብረው ይስቁ ነበር።

ዴቃ ሥራውን በቻለችበት ሰሞን ኢዶ ሹክሪ ፈዲላን በረንዳው ላይ ጠሯት። ሳማታር አጠገባቸው ቆሟል። ኢዶ ሹክሪ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው ነው የተናገሩት። ልጅቱ የሥጋ ዘመድ እንደሆነች፣ ወገን ከስደት እየተመለሰ ሥራ አጥቶ ባለበት ሰዓት ሌላውን ማስቀደም በሰው ዘንድ እንደሚያስወቅስ፣ ሳማታር ሥራውን ሊያሰፋው እንዳሰበ። ፈዲላን ግን ያለ ሥራ አናስቀርሽም አሏት፤ ማሽኑ የማይችለው ምንጣፍና ብርድ ልብስ አለ፣ እሱን ትሠሪያለሽ።

ፈዲላ ስለ ቃላቸው አነሳችባቸው።

«አላህ ምስክሬ ነው ብለው ነበር፣ ኢዶ።»

«ብያለሁ» አሉ። «ያኔ ብቻዬን ነበርኩ።»

ፈዲላ ምንጣፉን ተቀበለች፤ ምክንያቱም ለማሽኑ ሥራ ብላ ሌሎቹን ቤቶች ትታቸው ነበር፣ እነሱም ሌላ ሰው ይዘዋል። ኢዘዲን ሲሰማ ሄዶ ሊጣላ ተነሣ። እሷ ናት ያስቀረችው። በማን አገር፣ ለማን ልትከስ ነው አለችው። እውነቷን ነበር። በባዕድ አገር፣ በረንዳ ላይ የተባለ ቃል ነው።

ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ከአንሶላ ይልቅ ጨካኝ ነው። በእጅ አይቻልም፣ በእግር ይረገጣል፣ በብሩሽ ይፈገፈጋል። የፈዲላ እጅ ተመልሶ ተሰነጠቀ፤ አሁን ጉልበቷም ተጨመረበት። ዴቃ አንዳንዴ ሹልክ ብላ መጥታ የምንጣፉን አንዱን ጫፍ ይዛ ታጣምምላታለች። ሳማታር ሲያያት ትመለሳለች።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ቆመ። ሳማታር ራሱ ዋሄን ድረስ መጥቶ ኢዘዲንን ፈለገው። በአክብሮት ነበር የጠየቀው። ኢዘዲን መሣሪያውን ይዞ ተከተለው። ሲሄድ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። እንዲያውም ማሽኑን ለማየት ናፍቆት ነበር።

ሽፋኑን ሲፈታ የሆነውን ወዲያው አየ። ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉ ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች ይገባሉ፤ እነሱ አልቀዋል፣ ሌላ ምንም የለም። ከበርበራው ሬሳ ያወጣቸው ጥንድ ካርቦኖች ሱቁ፣ ጣሳው ውስጥ አሉ። ሄዶ አምጥቶ መግጠም ሻይ ጠጥቶ የመነሣት ያህል ነው። ቀና ሲል በማድ ቤቱ መስኮት ፈዲላን አያት። ግቢው ውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አረፋ የሞላ ምንጣፍ ላይ ቆማ ትረግጣለች። አንድ እጇ ወገቧን ይዟል። እሷ አላየችውም። ሳማታር ከኋላው ቆሞ፣ የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ ተከምሯልና ብትፈጥንልን እያለ ነበር።

«ሞተሩ ተቃጥሏል» አለ ኢዘዲን።

ሳማታር ሽቦውን እንደ አዲስ መጠቅለል አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። አይቻልም አለው። ሌላ ሞተር ቢፈለግስ? እንዲህ ዓይነቱ አይገኝም አለው። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ ቀላል ሆነለት። ያኔ ኢዶ ሹክሪ መጡ። ማሽኑን አላዩትም፤ እሱን ነው ያዩት።

«አለቀ ማለት ነው?» አሉት።

«አልቋል፣ ኢዶ።»

«አንተ ካልክ አልቋል» አሉና እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ። ማል አላሉትም። ሌላ ጠጋኝ ላምጣም አላሉም። በሩ አጠገብ የቆመችው ዴቃ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ከተማውን የሚያቋርጠውን ደረቅ ወንዝ ተሻግረው ጥቂት እንደሄዱ ኢዘዲን ነገራት። ደስ ይላታል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ ቢያንስ ፈገግ ትላለች ብሎ። ፈዲላ መንገዱ መሐል ቆመች። መጀመሪያ የጠየቀችው፣ ለመሥራት ምን ነበር የሚያስፈልገው ብላ ነው። ካርቦኑን ነገራት። ሱቅህ ውስጥ ያለው? አለች። አዎ አለ።

«እኔን የከዱኝ ሰዎቹ ናቸው» አለች። «ማሽኑ ምን አደረገኝ? ዴቃስ ምን አደረገችኝ?»

«ስትረግጪ አይቼሽ ነው። ላንቺ ብዬ ነው።»

«አድርግልኝ ብዬህ ነበር?»

«አላልሽም።»

«እንግዲያው ለኔ ነው አትበል።»

ከዚያ መንገዱን ቀድማው ሄደች። ቤት ገብተውም እራት አቀረበችለት፣ እንደ ወጉም ብላ፣ ጠጣ አለችው። ኢዘዲን ተኝቶ ሲያስበው፣ በርበራ ያቃጠለው መዳፉ፣ ያጣቸው ደንበኞች፣ ያ ሁሉ ልፋት ያፈራው አንድ ደህና ነገር ያ ማሽን እንደነበረ፣ እሱንም በአንድ ቃል እንዳጠፋው ገባው።

ጠዋት ካርቦኖቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ሠላሳ አንድ ሜይ ሄደ። አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው፣ እንደገና ልሞክረው ሊል ነበር፤ ውርደቱን ለመዋጥ ተዘጋጅቷል። ማድ ቤቱ ባዶ ነበር። ሳማታር ማሽኑን በማለዳ ለብረት ለቃሚዎች ሰጥቶታል፤ ቦታውን ለዕቃ ማስቀመጫ ስለፈለገው። ኢዘዲን ከከተማው ወደ በርበራ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ብረት ወደሚከመርበት ሜዳ ሮጠ። ሲደርስ ሁለት ሰዎች በከባድ መዶሻ ማሽኑን እየበታተኑ ነበር። መስታወቱ ደቅቋል። ሰዓቱ፣ ያ በርበራ ድረስ ሄዶ የለፋበት ሰዓት፣ ለሁለት ተከፍሎ አፈር ላይ ወድቋል። አንደኛው ሰው ምን ፈልገህ ነው አለው። ምንም አለና ተመለሰ።

የእንግዳ ማረፊያው ልብሱን ለሌላ ሰው ሰጠ። ሳማታር የጀመረው ስላልሆነለት ወደ ዱባይ ተመለሰ። ዴቃ ታናናሾቿን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ የምግብ ቤት ሥራ ፍለጋ ቡርዖ ሄደች፤ ፈዲላ እስከ መኪናው ሸኝታታለች። ኢዶ ሹክሪ ፈዲላን እንደ ድሮው የቤቱን ልብስ እንድታጥብላቸው ለመኗት፤ እሷም እሺ አለች። ስለ ቃላቸው ዳግም አላነሳችባቸውም። ስለ ካርቦኑም አልነገረቻቸውም። ለምን እንዳልነገረቻቸው ኢዘዲን ሊጠይቃት ብዙ ጊዜ ፈልጎ ተወው።

እሱ ዋሄን ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማጠቢያ ማሽን በከተማው በዛ፤ ከዱባይ በኮንቴይነር ይገባ ጀመር። ሰዎች የተበላሸባቸውን ይዘው ሲመጡ፣ እሱን አልችልም ብሎ ይመልሳል።

አንድ ቀን ኢዶ ሹክሪ ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር ወደ ሱቁ መጡ። ሴትዮዋ ካውያዋ ተበላሽቶባት፣ ገበያው ውስጥ ያሉት ጠጋኞች እያታለሏት ተማርራ ነበር። ኢዶ ሹክሪ ብዙ አርጅተዋል። በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ ለሴትዮዋ ስለሱ ነገሯት። የባላቸውን ማሽን ከድንጋይ ስር አውጥቶ እንዳስነሳላቸው፣ ሲሞትም ሌላው ጠጋኝ እንደሚያደርገው ልሞክር ልሞክር እያለ እንዳላመላለሳቸው።

«አለቀ፣ አለኝ፤ እኔም አረፍኩ» አሉ። «እኔ ለሚስቱ ቃሌን አልጠበቅኩም። እሱ ግን እውነቱን ነው የነገረኝ።»

ኢዘዲን አንገቱን ደፍቶ የካውያውን እጀታ እየፈታ ነበር። ሴትዮዋ፣ ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን አለች። ካውያው ሽቦው ብቻ ነበር የተቆረጠው። ቀጥሎ፣ ሞክሮ፣ ሲግል በእጁ አይቶ መለሰላት። ኢዶ ሹክሪ ለፈዲላ ሰላምታ እንዲያደርስላቸው አደራ ብለውት፣ ተደጋግፈው በገበያው ሰው መሐል ሄዱ። ሰላምታውን ግን፣ ምን አሉህ ብላ እንዳትጠይቀው፣ ለፈዲላ አላደረሰም።